ለዳኛው የወሰድኩት ማር

ሰው ሁሉ ሲሳደብ የእኔ ነፍስ መለስ የምትለው ሁለቱ ተጋጣሚዎች ሲተቃቀፉ ነበር። ልጄ ቦክሰኛ ነው፤ ከባድ ሚዛን። ነበር ልበል እንጂ። ቦንጋ ሜዳው ላይ ሪንግ በተተከለ ቁጥር፣ ቤቴ ተቀምጬ ጩኸቱን ከምሰማ ቆሜ ልየው እያልኩ እሄዳለሁ። ቡጢው ሊያርፍበት ሲል ዓይኔን እጨፍናለሁ። የምገልጠው ሰው መሳቅ ሲጀምር ነው። ሰው የሚስቀው ተቃቅፈው ሲቆሙ ነዋ።

"ሠርግ ነው እንዴ? ሚዜ ጥሩላቸው!" ይላል አንዱ።

"ተዋቸው፣ ተነፋፍቀው ነው!" ይላል ሌላው።

እኔ በልቤ፣ ያዘው ልጄ፣ አትልቀቀው እላለሁ። ትላልቅ ሰዎች ናቸው፤ ትንሽ ከተቧቀሱ ጉልበታቸው ያልቅና አንዱ አንዱ ላይ ይደገፋል። ያኔ ዳኛው "ብሬክ!" ብሎ መሀል ይገባል፣ ይለያያቸዋል፣ እነሱም እንደገና ይመታታሉ። እስቲ ፍረዱኝ። እኛ ሰፈር ገላጋይ የሚገባው ሰው ሲደባደብ ነው። እዚያ ሲደባደቡ ቆሞ ያይና ሲተቃቀፉ ይገባል።

ልጅ ሆኜ የአባቴ ሁለት ጎረቤቶች ተጣልተው ሲታረቁ አይቻለሁ። ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው፣ አንዱ የአንዱን አንገት አቅፎ፣ ከአንድ ቅል ጠጅ ጠጡ። ከዚያ ወዲያ እጁን ያነሳ የለም። ጉንጭ ከገጠመ ጠብ አለቀ ብዬ ነው ያደግሁት። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቦክሱ መተቃቀፍ ሌላ ነው ብሎ ያስረዳኝም ሰው አልነበረም።

ልጄ ጉልበቱን ያመጣው ከሺሺንዳ ነው። እዚያ ገበያ የቡና ጆንያ ይጭናል፣ ያወርዳል። ሌላው ለሁለት የሚያነሳውን ብቻውን ትከሻው ላይ ሲያወጣ አንድ የቦክስ አሰልጣኝ አየውና ጓንት አለበሰው። በእኛ በኩል እሱን የሚያክል ስለሌለ የሚገጥመው ከሌላ ዞን የሚመጣ ነው። ለመጨረሻው ግጥሚያ የሚመጣው ሰው ደግሞ ከዚህ በፊት አንዱን ዘርሮ ሆስፒታል ያስገባ ነው ተባለ። 

ዳኛው ከግጥሚያው ሁለት ቀን ቀድሞ መጣና እኔ አንሶላ የማጥብበት ፔንሲዮን አረፈ። ወንድሜ ማንኪራ ጫካ ቀፎ ይሰቅላል፤ የላከልኝ ነጭ ማር ቤት ነበር። በማግስቱ ጠዋት በጣሳ ይዤ በሩን አንኳኳሁ። ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ ጥርሱን ሲፍቅ አገኘሁት።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የነገው የትልቁ ልጅ እናት ነኝ።"

"የቱ ትልቅ? ሁለቱም ዝሆን አይደሉም እንዴ!" ብሎ ሳቀ።

"የዚህ አገሩ። ያሸንፍልኝ ብዬ አልመጣሁም። ብቻ ሲተቃቀፉ ቶሎ አይለያዩዋቸው። ትንሽ ይረፉ። አደራዎን።"

"እትዬ፣ ማቀፍ እኮ ክልክል ነው። እኛስ ለምን የቆምን ይመስልዎታል?"

"የእናት ነገር ነው። እግርዎ ላይ ልውደቅ?"

"ኧረ በፈጠረዎት! ይነሱ፣ ይነሱ።" ጣሳውን ተቀበለኝና ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው። "የማንኪራ ነው?"

"የማንኪራ ነው።"

"እስቲ እናያለን" አለኝ።

እሺም እምቢም አላለኝም። እኔ ግን እሺ እንዳለኝ ቆጥሬ ቀኑን ሙሉ እያንጎራጎርኩ አንሶላ ሳጥብ ዋልኩ።

የመጀመሪያው ዙር ደህና አለፈ። በሁለተኛው ልጄ ደከመውና ሰውየው ላይ ተደገፈ፤ ሰውየውም አንገቱን ያዘው። ጉንጫቸው ገጠመ። ዳኛውን አየሁት፤ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ።

ከዚያ የሰውየው ቀኝ እጅ ታየኝ። በግራው የልጄን አንገት ቁልቁል ተጭኖ በቀኙ ከግራ ጆሮው ኋላ ይመታዋል። አጭር አጭር ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት መዳበስ ይመስላል። መላልሶ፣ መላልሶ።

"ዳኛ! ብሬክ በል እንጂ!" አሰልጣኙ ገመዱን ይነቀንቃል። "ማጅራቱን እየመታው ነው! ዓይን የለህም?"

"አልጋ አንጥፉላቸው!" ይላል ከኋላዬ ያለው፣ እየሳቀ።

"ይለያዩዋቸው! ጋሼ፣ ይለያዩዋቸው!" ብዬ ጮህኩ።

ጎረቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። "ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ? ሲተቃቀፉ ደስ ይልሽ የለም እንዴ?"

ዳኛው ሲበቃው ገባ። ለያያቸውና ማስጠንቀቂያ የሰጠው ለማን መሰላችሁ? ለልጄ። አቀፍክ ብሎ። በሦስተኛው ዙር ልጄ እንደ ሰካራም ወደ ግራ ሲያዘነብል አሰልጣኙ ግጥሚያው ይቁም ብሎ ፎጣ ወረወረ።

በአደራዬ ይሁን በስንፍናው፣ ወይ ሁለቱን ግዙፎች መለየት ፈርቶ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። በማግስቱ አንሶላውን ልቀይር ስገባ ጣሳው የለም። ማሬን ይዞ ሄዷል።

የልጄ ግራ ጆሮ መስማት ተወ። ሐኪሙ፣ ጭንቅላቱን ዳግመኛ ከተመታ ቆሞ መሄዱንም እንጃ አለኝ። ልጄ ግን መቼ ሰማ።

"ዳኛውን ገዝተውት ነው እማዬ። ደህና ዳኛ ይምጣልኝና ታዪኛለሽ።"

ሊጠይቀው የመጣ ሰው ሁሉ ዳኛውን ሲረግም እኔም አብሬ ረገምኩ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ። የመልስ ግጥሚያ ተፈቀደለትና እንደገና መሮጥ ጀመረ። አንድ ቀን በራችን ላይ ከግራው የመጣ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ ሊገጨው ምንም አልቀረውም። ልጄ ዞሮም አላየ።

በማግስቱ ጠዋት ለልምምድ እጁን በፋሻ ሲጠቀልል አጠገቡ ሄድኩ።

"ዳኛውን የገዛው የለም" አልኩት።

"ምን አልሽ?" ቀኝ ጆሮውን አዞረልኝ።

"የለመንኩት እኔ ነኝ። ስትተቃቀፉ እንዲተዋችሁ። ማር ወስጄለታለሁ።"

ፋሻው ከእጁ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

"የአጎቴን ማር?"

"የአጎትህን።"

 "እኔ እኮ ዳኛውን ስጠብቀው ነበር" አለ። "አሁን ይገባል፣ አሁን ይገባል እያልኩ ነው መልሼ ሳልመታ እጄን የያዝኩት።"

 ፋሻውን ጠቅልሎ መስኮቱ ላይ አኖረና ሺሺንዳ ሄደ። ግጥሚያውን ተወው። አሰልጣኙ ፈርቶ ነው ይላል፤ ሰዉም ፈርቶ ነው ይላል። እሱ የማሩን ነገር ለማንም አላወራም። እኔ የለመንኩትን አግኝቻለሁ፤ አሁን የሚመታው የለም።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣል። ሳሙና፣ ስኳር ይዞልኝ ይመጣል፤ ያቀረብኩለትን ይበላል። ድሮ መቀመጫው በሩ አጠገብ፣ በግራዬ በኩል ነበር። አሁን በርጩማውን አንስቶ በቀኜ በኩል ያደርገዋል፣ የማይሰማው ጆሮው ወደ እኔ እንዲሆን። እኔም ዝም አልልም፤ አወራዋለሁ።