ወንድሜ አስፋልት ላይ የተቀመጠበት ጨዋታ

ባለፈው እሑድ ክሮይደን ልጄ ቤት ጎመን እየከተፍኩ ሳለ ዳዊት ከሳሎን ጠራኝ።

«እማዬ፣ ነይ እስቲ። የጋሼ ፍቅሩ ክለብ ነው፤ የማይረሱ ጨዋታዎቹን እያሳዩ ነው።»

ቢላዋውን እንደያዝኩ ሄጄ ሶፋው ጀርባ ቆምኩ። አንደኛው በረዶ ላይ የተደረገ ጨዋታ ነው፤ ኳሷ እንድትታይ ብርቱካን ቀለም ተቀብታለች። ሌላው ዋንጫ ያነሱበት ነው። ከዚያ ምስሉ የደበዘዘ፣ ሜዳው ጭቃ የሆነ፣ ተጫዋቾቹ አጭር ቁምጣ የለበሱበት መጣ።

«ይሄ ክላሲክ ነው። አራት ለሦስት፤» አለ ዳዊት።

«እዚያ ነበርኩ፤» አልኩት።

ሳቀብኝ። አይፈረድበትም። ጋዝ መዝጋቷን ለማረጋገጥ ከአውቶቡስ ፌርማታ የምትመለስ እናቱ ኳስ ሜዳ ገብታ ነበር ብሎ እንዴት ይመን?

በደርግ ጊዜ ነው። ከአሠሪዎቼ ጋር በቤት ሠራተኝነት ለንደን መጥቼ፣ እነሱ ሲሄዱ እኔ ቀርቼ፣ ሃክኒ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ በአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ እሠራ ነበር። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ባያልፍም አንሶላ ለማጠፍ የሚበቃ እንግሊዝኛ ነበረኝ። ታናሽ ወንድሜ ፍቅሩ በሱዳን በኩል ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። እሱና ታላቃችን መኮንን በቀይ ሽብር አብረው ታስረው ነበር። መኮንን አልወጣም። እናታችን ድምፅዋን በካሴት ቀድታ ልካልኝ ነበር፤ ብዙ ታለቅስና መጨረሻው ላይ «እሱን ብቻ ነው ያተረፉልኝ፤ አደራ» ትላለች።

ፍቅሩ ከቤት አይወጣም። ቀኑን ሙሉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በሩን ያያል። ፊቱ የሚፈታው ቅዳሜ ሬዲዮው የኳስ ውጤት ሲያነብ ብቻ ነው። አብራኝ የምትሠራው ሞሪን የምትባል አየርላንዳዊት ይህን ስትሰማ፣ ወገቡን ታሞ የተኛ ባሏን ትኬቶች አምጥታ ሰጠችኝ። «ውሰጂውና ይጩህ፤ ሲጮህ ይወጣለታል፤» አለችኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ብርዱ ግን ገና አጥንት ይሰብራል። ለፍቅሩ ካልሲ ደራርቤ አለበስኩት። እንቁላል ቀቀልኩ፣ ዳቦ ቆረጥኩ፣ ሻይ በፔርሙዝ ያዝኩ። አውቶቡስ ቀይረን ስንወርድ መንገዱ የሚጠበስ ሽንኩርት፣ የኮምጣጤና የፈረስ ፋንድያ ይሸታል። ወንዶች በቀይ ጡብ ቤቶች መካከል እንደ ጎርፍ ይሄዳሉ። አንዲት አሮጊት ደጃፏ ላይ ያሉትን የአበባ ማሰሮዎች እያነሳች ወደ ውስጥ ታስገባለች። የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው።

ቆመው ከሚያዩት ጋር ቆምን። እንግዶቹ ቶሎ ቶሎ አግብተው ሦስት ለአንድ መሩ። የእኛዎቹ አንድ ጥቁር የክንፍ ተጫዋች ነበራቸው፤ ኳስ በነካ ቁጥር የእንግዶቹ ደጋፊዎች እንደ ዝንጀሮ ይጮኹበታል።

«ምን እያሉት ነው?» አለኝ ፍቅሩ።

«ዘፈን ነው።»

«እታለም፣ ስድብ ለማወቅ እኮ እንግሊዝኛ አያስፈልግም።»

ያ ልጅ ሁለተኛውን አገባ። ከዚያ ሦስተኛውንም አገባ። ፍቅሩ «ገባ» ብሎ ሲጮህ ድምፁን የማላውቀው ሰው አጠገቤ የቆመ መሰለኝ። ልጁ እንግዶቹ ደጋፊዎች ፊት ሄዶ ወገቡን ይዞ ዝም ብሎ ቆመ። ሳንቲም ዘነበበት፤ ለእኛም ተረፈን። ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ቅንድቡ ተተርትሮ ደሙ የዳቦዬ ከረጢት ላይ ተንጠባጠበ። ወዲያው አጥሩን የሚዘሉት ዘለሉ። ጢሙ ገና ያልበቀለ ልጅ ወድቆ፣ ከበው ጭንቅላቱን በቡት ጫማ እንደ ኳስ ሲለጉት አየሁ። ከሚለጉት አንዱ ቺፕሱን ከእጁ አላስቀመጠም።

«ሰው ሳይወጣ እንውጣ፤» አልኩት።

«ሊያልቅ ነው እኮ፣ እታለም።»

«እናትህ ካሴቱ ላይ ያለችውን ልድገምልህ?»

እየተነጫነጨ ተከተለኝ። ቀድመን መውጣታችን ብልህነት መስሎኝ ነበር። ለካ ፖሊስ ጠቡን ለማብረድ የእንግዶቹን ደጋፊዎች በር ከፍቶ በዚያው ጠባብ መንገድ እያስወጣቸው ነው። የግቢ አጥር እያፈረሱ ጡብ ይወረውራሉ። የአንድ ሱቅ መስታወት ረገፈ። ከኋላቸው ፈረሰኛ ፖሊስ በዱላ ጀርባቸውን እየደበደበ ይነዳቸዋል፤ በድምፅ ማጉያም የሆነ ትእዛዝ ይጮሃል።

ፍቅሩ ማጉያውን ሲሰማ ቆመ። ከዚያ መሀል አስፋልት ላይ ቁጭ አለ፤ እጆቹን ጭንቅላቱ ላይ አቆላለፈ፣ አንገቱን ደፋ። አዲስ አበባ በአፈሳ ጊዜ የሚደረገው እንዲህ ነው። የሮጠ ይተኮስበታል፤ የተቀመጠ ቢያንስ ለዚያች ሰዓት ይተርፋል። እዚህ ግን ያ ሁሉ ሰው እየሮጠ ወደ እኛ ይመጣል፤ የተቀመጠ ይረገጣል።

«ተነስ ፍቅሩ፣ ተነስ ወንድሜ።» ክንዱን ጎተትኩ። በጥፊ መታሁት። እንደ ድንጋይ ከበደኝ። አንዱ በክርኑ አፌን ሲለኝ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ሌላው ፍቅሩ ላይ ተደናቅፎ ወደቀና ሲነሳ ጎኑን በእግሩ መታው። ሦስተኛው ሆን ብሎ ጀርባውን ረግጦት አለፈ። ወንድሜ እጁን ከራሱ ላይ አላወረደም። የፈረሶቹ ኮቴ ቀረበ።

ያን ጊዜ የእስር ቤቱ ዘብ ድምፅ መጣልኝ። ለንደን ከመምጣቴ በፊት ለወንድሞቼ ስንቅ ሳመላልስ፣ የባዶ ሰሃን ባለቤት ሲፈልግ በስምና በአባት ስም የሚጣራ አንድ ድምፀ ወፍራም ዘብ ነበር። ሰው ሊወስዱ ሲመጡ ግን እስከ አያት ነው የሚጠራው። መኮንንን የጠራው እንዲያ ነው፤ ፍቅሩ አጠገቡ ተኝቶ ሰምቷል። በማግስቱ ስንቅ ይዤ ስሄድ «ለመኮንን ከእንግዲህ አታምጪ» ተባልኩ።

ድምፄን አወፍሬ ጮህኩ። «ፍቅሩ አየለ ወልዴ። ተነስ። ውጣ።»

ተነሳ። እጁን አወረደ፣ የኮቱን ቁልፎች ቆለፈ፣ ወደ ፊት መራመድ ጀመረ። አላየኝም። ከኋላው እየገፋሁ የቆሻሻ በርሜሎች ወደሚቀመጡበት መተላለፊያ አስገባሁትና ከግድግዳው ጋር አጣበቅኩት። ፈረሶቹ አለፉ። ሱሪው ርሶ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ፣ ሜዳው ውስጥ፣ ጡቡን ያንቀጠቀጠ ጩኸት ተነሳ። አራተኛው ጎል ገብቶ ነው።

ቤት ደርሰን ጎኑን በሞቀ ውሃና በጨው ሳጥበው ነው የተናገረው።

«ሁለተኛ እንዲያ ብለሽ እንዳትጠሪኝ።»

«እሺ።»

«ጠላሁሽ እኮ፣ እታለም።»

«ጥላኝ። ሻይህን ጠጣ።»

ጠጣ። አሁንም ቢሆን እንዲያ ብዬ በመጥራቴ አልጸጸትም።

ጎኑ ሲሻለው አንድ ቅዳሜ ካልሲውን ደራርቦ ሲለብስ አገኘሁትና በር ላይ ቆምኩበት።

«ወዴት?»

«ኳስ።»

«አብደሃል? ሊገድሉህ አልነበረም?»

የጫማውን ክር እያሰረ ቀና ሳይል መለሰልኝ። «ስሜ እስከ አያቴ ተጠርቶ፣ ተነስቼ ወጥቼ፣ ማታ ቤቴ ሻይ ጠጥቻለሁ። ይሄ የሆነልኝ እዚያ ነው። ሌላ የት ልሂድ?»

ከበሩ ገለል አልኩለት።

ይሄው እስከ ዛሬ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ገብቻለሁ ብሎ እስኪደውል ድረስ ስልኩን ከአጠገቤ አላርቅም። ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን፣ መጀመሪያ የማየው መውጫውን ነው። ልጆቼ ይስቁብኛል። እኔም ሳቃቸውን እወደዋለሁ፤ ፍርሃቴን ሳይወርሱ ማደጋቸውን የማውቀው በእሱ ነው።

ዳዊት ቤት ቴሌቪዥኑ ላይ የክንፉ ልጅ ኳሷን አሻገረ። በግርግር መሀል አንድ አጭር ራሰ በራ ተጫዋች በጉልበቱ ገፍቶ አስገባት። ሕዝቡ ዘለለ። ካሜራው ከሕዝቡ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ለአንድ አፍታ አሳየና ወደ ሌላ ጨዋታ ሄደ።

ማታ ፍቅሩ ጋ ደወልኩ።

«አራተኛውን ጎል ዛሬ ገና አየሁት፤» አልኩት።

«እንዴት አገኘሽው?» አለኝ።

«አያምርም። በጉልበት ነው እኮ።»

«አያምርም፤» አለ ፍቅሩ። «ግን ተቆጥሯል።»