ከአመዱ ውጭ የቆመው ሰው

ትናንት ልጄና ጓደኞቹ ሳሎን ወለል ላይ ባለብዙ ገጽ ዳይስ እየጣሉ፣ በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖሩ ጭራቆችን እየጠሩ ሲጫወቱ፣ የመከላከያ አስማት የሚያግደው የተጠራውን ፍጡር ሁሉ ነው ወይስ ክፉውን ብቻ በሚል ተከራከሩ። ጫማዬን እየፈታሁ "ሁሉንም ነው" አልኳቸው። ልጄ ዞሮ አፈጠጠብኝ። "አባዬ፣ አንተ ይሄን ከየት አወቅከው?" ጨዋታ ጊዜ ማባከኛ ነው እያልኩ ስገስጸው የኖርኩ ሰው ነኝና አጎንብሼ ወደ ጫማዬ ተመለስኩ።

ያወቅሁት ነገሌ ቦረና ነው። የደርግ ሠራዊት በተበተነ በዓመቱ፣ ከጦር ሰፈሩ አጥር ጥግ ባለ በሩ የተነቀለ መጋዘን ውስጥ፣ እኔ፣ የመቶ አለቃው ልጅ ተስፋዬ እና ጎረቤታችን የቦረናዋ ልጅ ድራሙ፣ ቀትር ላይ ቆርቆሮው በሙቀት ቀጭ ቀጭ እያለ ይህንኑ ጨዋታ እንጫወት ነበር። መጽሐፋችን ከሞያሌ የመጣ ሳሙና ከሚጠቀለልበት ወረቀት መሀል ያዳንኳቸው ጥቂት የእንግሊዝኛ ገጾች ነበሩ፤ በተቀዳደደ መዝገበ ቃላት አንድ በአንድ የፈታኋቸው እኔ በመሆኔ ሕጉን የማነብ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ በዚህም ከሚገባኝ በላይ እኮራ ነበር። በምድጃ አመድ ክብ እናሰምራለን፤ ውስጥ የቆመው ይጠራል፤ የተጠራው ውጭ ይቆማል፣ መንካት አይችልም።

አንድ ቀን ተስፋዬ ክቡ ውስጥ ገብቶ ዳይሱን ጣለ። ሁልጊዜ የሚጠራው ሁለት ራስ ያለው ጅብ ወይም ቦክሰኛ ግመል ነበርና፣ "ዛሬስ ማን መጣ?" ስለው ለመሳቅ ተዘጋጅቼ ነበር።

"ካፖርት የለበሰ ሰው" አለ በሩን እያየ። "አንድ እግሩ ጫማ የለውም።"

አባቱ በዚያ ብትንትን ወደ ሞያሌ በእግሩ እንደሄደ፣ ከሜጋ ከተማ ወዲያ ያየው ሰው እንደሌለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቆርቆሮው ድንገት ጸጥ አለ። በሩ ላይ ከፀሐይ በቀር ምንም አልነበረም፤ ፀሐዩ ግን በአንድ ሰው ቁመት ልክ የደበዘዘ መሰለኝ።

"ይግባ" አለ ተስፋዬ።

"አይችልም" አልኩት። "የተጠራ ነገር አመዱን አያልፍም።"

"እሺ፣ እጄን ብቻ ይንካኝ።"

"ሕጉ ነው አልኩህ!"

ድራሙ ተቆጣች። "ሰው ደጅ መጥቶ ናጋ ሳትሉት ታቆሙታላችሁ? ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ!" ወደ በሩ ዞራ "ናጋ" ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠች፤ ቀጥሎም ለሚያልፍ ሰው መንገድ እንደምትለቅ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ጥቂት ጠብቃ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አልገባም እኮ። እዚያው ቆሟል" አለች።

ተስፋዬ እያለቀሰ ነበር። "እስከ ታች አንብበው እስኪ፣ ሌላ ነገር የለውም?"

ነበረው። ውስጥ ያለው ሰው አንዲት ጠጠር እንኳ ወደ ውጭ ከወረወረ ክቡ ይፈርሳል ይላል። እኔ ግን ወረቀቱን አጥፌ "የለውም" አልኩት። አባትህ ላይ ጠጠር ወርውር ማለት ከብዶኝ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ እውነቱ ግን ያ ሰው እንዳይገባ ፈርቼ ነው።

በሳምንቱ የተስፋዬ እናት ዕቃዋን በጭነት መኪና ጭና ልጇን ይዛ ወደ ጎንደር ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ልጆቼን ስለ ውሸት በገሠጽኩ ቁጥር የማስበው እሱን ነው። "የለውም" ባልኩት ቀን የኔ አባት ለምሳ ቤት መጣ፤ እጁን ታጥቦ አጠገቤ ተቀመጠና፣ ምን ሆንክ ብሎ ራሴን ዳበሰኝ።