የደብሬ ፀጉር

ደብሬን ያዳናት መርፌው ነው ወይስ ማበጠሪያው? ይህን ራሴን ስጠይቅ አረጀሁ፤ መልሱን ዛሬም አላውቀውም። ሰሞኑን ነርስነት የምትማረው የእህቴ ልጅ ለዕረፍት ላሊበላ መጥታ፣ "አክስቴ፣ ለታማሚ መራራት ከሕክምናው ይቆጠራል እንዴ?" ስትለኝ ያ ነሐሴ ትዝ አለኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ጎጆ ከወጡ በኋላ ስለነበር፣ በጤና ረዳትነት ስቀጠር ከባልደረቦቼ በዕድሜ እበልጥ ነበር። ወሬ አልወድም፤ ሥራ ካለቀ መጽሐፌን ይዤ ጥግ ነው። ሥራ ላይ ግን በደንብ ያልታጠበ ኩባያ እንኳ አላልፍም።

በዚያ ክረምት ግርሻ ገባ፤ በቅማል የሚተላለፈው፣ ለቀቀኝ ሲሉት የሚመለሰው ትኩሳት። ጉሙ ከአሸተን ተራራ አልነሳ ባለበት አንድ ጠዋት፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል ደብሬን በቃሬዛ አመጧት። ባሏ ዘምቷል። የጤና ጣቢያው ደንብ ግልጽ ነው፤ የግርሻ ታማሚ ልብሱ ይቀቀላል፣ ፀጉሩ ይላጫል፣ ከዚያ ይተኛል።

ምላጭ ይዤ ስጠጋት ፀጉሯን በሁለት እጇ ያዘች።

"ባሌ ሳይሞት?"

በእኛ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ናት ፀጉሯን የምትላጨው። "መልሱኝ፤ ቤቴ ልሙት። በቁሙ አላለቅስበትም!"

ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበሩም። "የተኙትም ሰዎች ናቸው፤ ቅማል ይዛ አትገባባቸውም። ወይ ትላጭ፣ ወይ ትመለስ" አሉ። ብትመለስ መንገድ ላይ እንደምትቀር ሁለታችንም እናውቃለን።

"ዕቃ ቤቱ ውስጥ ለብቻዋ ላስተኛት። ፀጉሯን እኔ በእጄ አጠራዋለሁ" አልኳቸው። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

"አንዲት ቅማል ባገኝ ምላጩን አነሳለሁ።"

"ይፈልጓት!"

መርፌውን ወጋኋት። መድኃኒቱ ሲሠራ የሚመጣው ብርድ አልጋውን ሲያንገጫግጨው አቅፌ ያዝኳት፤ ሲያልፍላት በሶ በጥብጬ አጠጣኋት። ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር ደጅ አውጥቼ ፀጉሯን እየከፈልኩ፣ ጥርሱ በጠበበ ማበጠሪያ ቅማሉንም ቅጫሙንም ለቀምኩ።

"እናቴም እንዲህ አላረገችልኝ" አለችኝ።

"እናትሽ እንደኔ ችኮ አልነበረችማ!"

ስትስቅ ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው።

ኃላፊው መነጽራቸውን አድርገው ፈለጉ፤ አጡ። "ይቺ እንኳን ቅማል ፎረፎርም የላት" ብለው ሳቁ። ደብሬ ሹሩባ ተሠርታ፣ በቃሬዛ የመጣችበትን መንገድ በእግሯ ተመለሰችበት።

ቅማሉ ግን ወደ እኔ ተሻግሮ ኖሯል። ራሴን ተላጨሁ። ከዚያማ ጎረቤቱ ሁሉ "እግዜር ያጥናሽ" እያለ ንፍሮ ይዞ ይመጣ ጀመር። ማንም አልሞተብኝም ብል ማን ይመነኝ? "ለካ ያቺ ዝምተኛ ግንባር ላይ ወታደር ነበራት!" ተባለ። ቅማል ነው ብል የደብሬ ስም ሊነሳ ነው። ዝም ብዬ ንፍሮውን በላሁ።

ባለፈው እሑድ ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት፤ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። በሳቅ ፈረሰች፤ ከዚያ ጠየቀችኝ።

"አልከበደሽም፣ አክስቴ? የሌለ ሐዘን ተሸክሞ በሰው መሐል መሄድ?"

"ምን ይከብደኛል" አልኳት። "ሻሼን አስሬ በገበያው መሐል ሳልፍ ሰዉ ከንፈሩን ይመጥልኛል። እኔ በሆዴ፣ ድናለች! ድናለች! እያልኩ ነበር የምሄደው።"