ለሁለት ሰው የሚሆን የሐይቅ ዳር ቤት

ከሆሳዕና የተነሣሁት ማክሰኞ ማለዳ ነው። ጉዳዬን አስቀድሜ ልናገር፦ ልጄ ምሕረትና ባሏ ደሳለኝ ጥቂት ቀን የሚያርፉበት፣ ሐይቅ ዳር ያለ ደህና ሪዞርት ልመርጥላቸው ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ለሰው የምትፈልጉ ትኖሩ ይሆናል ብዬ፣ ያየሁትን እንዳየሁት ጻፍኩላችሁ።

ሕፃን ልጃቸው በሕመም ካረፈ ወዲህ ቤታቸውን ሰው ተለይቶት አያውቅም። በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛን ብቻውን መተው ነውር ነው። ዘመድ ከሌሞ ገጠር በጋሪ ይመጣል፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ይመጣል፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ይመጣል። ደግ ነገር ነው፤ እኔም ስንቱ ቤት እንዲሁ ተቀምጫለሁ። ነገር ግን ወራቱ ሲገፋ አንድ ነገር አየሁ። ምሕረት የምታለቅሰው ጓሮ ነው፤ ደሳለኝ ደግሞ ከሥራ ሲወጣ መንገድ ላይ። እርስ በርሳቸው የልጃቸውን ነገር አንስተው አያውቁም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሁለቱም ያስተናግዳሉ። እንዲህ ከቀጠለ ትዳሩም ከልጁ ጋር ይሄዳል ብዬ ፈራሁ።

ትልቁ ልጄ ከአዲስ አበባ ደወለ። “ወጪው የኛ የወንድሞቿ ነው። እማ፣ አንቺ ፎቶውን እያየሽ ምረጪ” አለኝ። የልጅ ልጄ በስልኳ አሳየችኝ። ውሃው ሁሉ ሰማያዊ፣ አልጋው ሁሉ ነጭ።

“ላም በፎቶ አይገዛም። ሄጄ አያለሁ” አልኩ።

“ሰበብ አገኘች!” ብለው ሳቁብኝ። እግሬ ቤት እንደማይቀመጥ ያውቃሉ።

በቤተሰብ ተነጋግረን የሚሄዱት አምስት ሰዎች እንዲሆኑ ቆርጠን ነበር፦ ሁለቱ፣ እኔ፣ የደሳለኝ እናት ወይዘሮ አየለች፣ የደሳለኝም ታላቅ ወንድም። ሐዘንተኛ ብቻውን መንገድ አይወጣም።

እስከ ዳምቦያ

ከመናኸሪያው በሚኒባስ ወጣን። ዝናብ ጥሎ ስላደረ እንሰቱ ታጥቦ ያበራል። በአንጋጫ በኩል መንገዱ ይጠማዘዛል፤ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ሎሚ እያሸተተች ነው የሄደችው።

ዳምቦያ ላይ፣ ቦታውን አብራኝ ልታይ የተነሣችው ወይዘሮ አየለች በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ ሸክም ይዛ ቆማ አገኘኋት።

“የምሕረት እናት፣ ዘገየሽ! ፀሐይ ላይ ቆሜ እንደ ሙዝ በሰልኩ።”

“ሾፌሩን ውቀሺ። ይሄ ሁሉ ምንድነው?”

“ቆጮ ነው፤ አይብም አለው።”

“እዚያ እኮ ምግብ አለ።”

“ምግብ ነው ያለው ወይስ የምግብ ፎቶ?” አለች። መኪናው ሙሉ ሳቀ። ረዳቱም ሸክሙን ጣራ ላይ እሰቅላለሁ ቢል እምቢ ብላ ጉልበቷ ላይ ይዛው ሄደች።

ሐላባና ሐዋሳ

ሐላባ ላይ መኪና ቀየርን። በርበሬው በየደጁ ተሰጥቷል፤ ጎጆዎቹ ግድግዳቸው ላይ አበባና አንበሳ ተሥሎባቸዋል። እስክናስነጥስ ቆመን አየን። ሻሸመኔ ግን የሚታይ ነገር አልፈለግኩም፤ ቦርሳዬን አቅፌ ቶሎ ወደ ሐዋሳው መኪና ገባሁ።

ሐዋሳ ሐይቁ ዳር መጀመሪያ ዓሣ በላን፤ ቆሮሶ ተጠብሶ፣ በዳጣ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ተደርድረው አጥንት ይጠብቃሉ። ሂሳቡ አላስደነገጠንም።

ከዚያ ልጄ አድራሻውን ወደ ሰጠኝ ሪዞርት ሄድን። ሣሩ የተከረከመ፣ መንገዱ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። ሁለት ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። ክፍል የሚያሳየን ወጣት ትሁት ነበር። አልጋው ላይ ቀይ አበባ በትነዋል፤ ፎጣውንም ጠምዝዘው የወፍ ቅርጽ ሠርተውበታል።

አየለች ጎንበስ ብላ አየችው። “ይሄ ፎጣ ምን ሆኖ ነው አንገቱ የረዘመው?”

“ዳክዬ ነው፣ እማማ። ለፍቅረኞች ነው።”

“ታዲያ ሰውነታቸውን በምን ያደርቁታል?”

እየሳቅን መጋረጃውን ገለጥኩት። ከመስኮቱ ሥር የልጆች መጫወቻ ነው። ሸርተቴ፣ ዥዋዥዌ፣ የሚንጫጩ ልጆች። አየለች ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። እኔም መጋረጃውን መለስኩት።

“ወደ ሌላ በኩል የሚያይ ክፍል የላችሁም?”

“ሁሉም ወደዚህ ነው የሚያየው፤ ቤተሰብ ይወደዋል” አለ።

እውነቱን ነው። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ አላሳይም። ለነዚህ ለሁለቱ ግን አይሆንም። አመስግነን ወጣን፤ የአየለች የአክስቷ ልጅ ቤት አደርን።

ላንጋኖ

በነጋታው በሻሸመኔ ተመልሰን፣ አርሲ ነገሌን አልፈን ላንጋኖ ደረስን። ከአስፋልቱ እስከ ሪዞርቱ በባጃጅ ነው። አቧራው ነጠላችንን ቀየረው። ግራር፣ ፍየል፣ ደግሞ ግራር። የላንጋኖ ውሃ ሰማያዊ አይደለም፤ ቡናማ ነው፣ ወተት የነካው ሻይ ይመስላል። ዳሩ አሸዋ ስለሆነ እግር አይጎዳም።

ቤቶቹ በሣር የተከደኑ፣ አንዱ ከአንዱ የተራራቁ ናቸው። መቅደስ የምትባል ልጅ ተቀበለችን። የአንድ ሌሊቱን ዋጋ ስትነግረን አየለች “የሰባ በግ ነው” አለች። ወንዶቹ ልጆቼ ግን ለእኛም የአንድ ሌሊቱን ከፍለውልን ነበር፤ አድራችሁ እዩ ብለው።

“ይሄኛው ቤት ለስንት ሰው ይሁንልዎ?” አለችኝ መቅደስ።

“ለባልና ሚስት ነው። አምስት ሆነን እንመጣለን።”

ልጅቷ ሳቋን ያዘች። “እማማ፣ አልጋው አንድ ነው።”

“ሰፊ ነው፤ አየሁት” አለች አየለች። “ባልና ሚስቱ አልጋው ላይ፣ እኛ ሰሌን ላይ። ወንድምየው ደጅ ይተኛል፤ ወንድ ነው።”

“ሌላ ቤት ጎን ለጎን ልሰጣችሁ እችላለሁ።”

“በጣም ጎን ለጎን ይሁን” አልኳት።

ልጅቷ ስትሄድ በረንዳው ላይ ወጣን። ወደ ውሃው የዞሩ ሁለት ወንበሮች ብቻ አሉ። አየለች አንዱን ያዘች፣ እኔ አንዱን። ቆጮውን በአይብ በላን። ፀሐይዋ ከማዶ ወደ ተራራው ታዘቀዝቃለች። የሚመጣ ሰው የለም። የሚቀመጥ እንግዳ የለም፤ “አይዞሽ” የሚል የለም።

አየለች በድንገት፣ “እኔ ጋ ሲመጣ ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ ነበር የሚያደርገው” አለች።

“እኔም ጋ። ሳስተካክልለት ‘እንዲህ ነው የሚመቸኝ’ ይለኝ ነበር።”

ሳቀች፣ ከዚያም ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረ። እኔም አለቀስኩ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ጎን ለጎን ስንት ጊዜ ተቀምጠናል፤ ስለ ልጁ ግን አንድ ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ሁልጊዜ መሃላችን እንግዳ አለ። አንዷ ወንበር ታወጣለች፣ አንዷ ምግብ ታቀርባለች።

አፍንጫዋን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። “የምሕረት እናት፣ እኛ ብንኖር እነሱ እንዲህ ይቀመጣሉ?”

“አይቀመጡም። ምሕረት ‘እማ፣ በላሽ ወይ’ ስትል ትውላለች።”

“ልጄም ለኔ ወንበር ሲፈልግ ይውላል። ታዲያ ብቻቸውን እንልቀቃቸው? ሰው ምን ይለናል?”

“ጨካኞች ይለናል።”

“ይበለን” አለች።

ጠዋት መቅደስን ጠርተን ጎን ለጎን ያለውን ቤት ሰረዝነው። “ማንም አይጨመርባቸው፤ ሦስተኛ ወንበርም አታምጪላቸው” አልኳት።

ወደ ቤት

መመለሻው ከመሄጃው ከብዶ ነበር፤ መንገዱ ሳይሆን ወሬው። ሆሳዕና ስንደርስ የደሳለኝ ታላቅ ወንድም ተቆጣ። “ሐዘንተኛ ብቻውን ተልኮ ያውቃል? ለዘመድ ምን ልበል?”

አየለች አዲስ ቆጮ እየቆረሰች ነበር። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። “ለዘመድ እናቴ ናት ያለችው በል። ደግሞ ስልክ አትደውልላቸው።”

ምሕረት መጀመሪያ እምቢ አለች። “እንግዳ ቢመጣስ?” አለችኝ። እኔ እቀበላለሁ አልኳት። ሄዱ፤ እኔም እዚህ ሆሳዕና ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። የመጣውን ሁሉ፣ “ጌታ ይባርካችሁ፤ የሉም፣ ብቻቸውን ናቸው” አልኩ። አንዳንዱ አዘነብኝ፤ ከሞርሲቶ ድረስ የመጣች አንዲት ዘመዳችን እስካሁን አኩርፋኛለች።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፦ ሪዞርት ስትመርጡ አልጋውንና ሣሩን ለሠራተኞቹ ተዉት፤ እናንተ መስኮቱ ምን እንደሚያይና በረንዳው ላይ ስንት ወንበር እንዳለ እዩ። ከዚያ በኋላ ራሳችሁን ከዚያ ማውጣት እወቁበት።

ሊመለሱ ባሉበት ቀን ምሕረት ደወለች። ድምፅዋ ጎርነን ብሏል፤ ብዙ ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነው። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም።

“እማ፣ አንድ ቀን ብንጨምር ቤቱን ትጠብቂልናለሽ?”

መልስ ሳልሰጥ ከኋላዋ የደሳለኝን ድምፅ ሰማሁ።

“ሁለት በያት! ሁለት!”