አቢጋኤል ወደ ኋላ የተቀመጠች ቀን

ሱቄ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ከወጣቶች ማዕከሉ ግቢ ጋር በአጥር ይዋሰናል። የሰርከስ ልጆች ሲለማመዱ በመስኮቴ አያቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ሳሙና የሚገዛ ሰው ደጋግሞ ካልተጣራ አልሰማም። ባለቤቴ «ነኢማ፣ ነጋዴ ነሽ ወይስ ዳኛ?» ይለኛል። ዳኛ ብሆን ለአቢጋኤል ነበር የምፈርደው።

አቢጋኤል የዶዮገና ልጅ ናት። እዚህ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ትማራለች። ቀጭንና ዝምተኛ ናት፣ ጉልበቷ ግን ጉድ ነው፤ ልጆቹ ትከሻ ለትከሻ ሲደራረቡ ከታች ሆና የምትሸከመው እሷ ናት። እምቢ ያላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ኋላ ዘሎ፣ በእጅ ተገልብጦ፣ በእግር መቆም። ሌሎቹ ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ እየተገለባበጡ ሲሄዱ እሷ ዳር ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች።

እናቷ ገነቴ ሰርከሱን አልወደደችውም። «ለትምህርት ላክሁሽ እንጂ ለመገለባበጥ?» ብላ ስትቆጣ ከርማ፣ በመጨረሻ ለትምህርት መዝጊያው በዓል መጥታ ልታይ ተስማማች። አይታ «ቀጥዪ» ወይም «በቃሽ» ልትል ነው። አሰልጣኙ ሆሴዕ ደግሞ ያለ ደጋፊ መገልበጥ የማይችል ልጅ በበዓሉ ላይ አይወጣም ብሏል። ስለዚህ አቢጋኤል ካልቻለች እናቷ ያን ሁሉ መንገድ መጥታ የምታየው ልጇ ዳር ቆማ ስታጨበጭብ ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደምትል ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ሆሴዕ ጥሩ ሰው ነው፤ ጩኸቱ ግን ደሜን ያፈላዋል። በደረቅ የእንሰት ቅጠል የተሞሉ ጆንያዎች መሬት ላይ ያነጥፍና አንድ እጁን የልጁ ወገብ ላይ አድርጎ «አለሁ» ይላል። «አለሁ» ካለ አይጥልህም ማለት ነው። ከዚያ ጩኸቱ ይጀምራል። «ተቀመጪ! ወደ ኋላ ተቀመጪ! መጀመሪያ ውደቂ፣ ከዚያ ዝለዪ!» አቢጋኤል ግን አትቀመጥም። ጉልበቷ ወደ ፊት ይወጣል፣ ደረቷ ያጎነብሳል፣ ወደ ኋላ በመዝለል ፈንታ ወደ ላይ ትዘላለች፤ ከዚያ ክርኗ ይታጠፍና በትከሻዋ ዱብ! ሆሴዕ ባይዛት ኖሮ አንገቷ ነበር የሚሰበረው።

አንድ ቀን አላስችል አለኝና የፕላስቲክ ወንበሬን ይዤ ገባሁ። «እዚህ ላይ ትቀመጣ!» አልኩ። ሆሴዕ ገላመጠኝ፤ ቢሆንም ወንበሩን ከኋላዋ አደረገው። ልትቀመጥ ስትል አንገቷን አዙራ ወንበሩን ታያለች። ተይ ቢሏት፣ ቢለምኗት፣ ታያለች። ልጆቹ ሳቁ። «እትዬ ነኢማ፣ ወንበርሽን ውሰጂልኝ» አለኝ ሆሴዕ። አፍሬ ወሰድኩ።

የዚያን ቀን አቢጋኤል ሱቄ ደጃፍ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው። ለስላሳ ከፍቼ ሰጠኋትና «ምኑን ነው የምትፈሪው?» አልኳት።

«እኔ አልፈራም፤ ሰውነቴ ነው እምቢ የሚለኝ» አለች። «ከልጅነቴ ጀምሮ ከእማ ጋር ቆጮ ተሸክሜ ገበያ እሄዳለሁ። ጀርባሽ ላይ ሸክም ይዘሽ ወደ ኋላ ካልሽ ሸክሙ ይዞሽ ይሄዳል። አጎንብሺ፣ ፊትሽን እዪ ስባል ነው ያደግሁት።»

ለካ ሆሴዕ ሲጮህ የከረመው በዚህ ሁሉ ዓመት ሸክም ላይ ነው። ሄጄ ነገርኩት። «ታዲያ ምን ላድርግ?» አለኝ።

በዓሉ እየተቃረበ ሳለ አቢጋኤል እናቷን ለማገዝ ቅዳሜና እሑድ ዶዮገና ሄደች። ሰኞ እየሮጠች ሱቄ ገባች፤ ሰላምታም የለም። ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር በወገብ ልክ ከፍ ያለ አፈር አለ አለችኝ። ሸክም የያዘ ሁሉ እዚያ ሲደርስ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ዞሮ ሳያይ፣ ወደ ኋላ ይቀመጣል፤ ሸክሙ አፈሩ ላይ ያርፍለታል። እናቷ ተቀመጠች፣ እሷም ተቀመጠች። ከዚያ ተነሳች። እንደገና ተቀመጠች። እንደገና ተነሳች።

«እማ ያበድኩ መሰላት! እትዬ ነኢማ፣ ይሄን እኮ ዕድሜ ልኬን ሳደርገው ነው የኖርኩት!»

ሱቁን ክፍት ትቼ ተከተልኳት። ሆሴዕ እጁን ወገቧ ላይ አድርጎ «አለሁ» አለ። አንገቷን አላዞረችም። አፈሩ ከኋላዋ ያለ ይመስል ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ከእግሯ ጣቶች አላለፈም። ልትወድቅ ስትል እጆቿ በጆሮዎቿ አጠገብ ተወነጨፉ፣ እግሮቿ መሬቱን ገፉ፣ ክንዶቿ ሳይታጠፉ ጆንያውን መትተው መለሷት። ቆመች። ከዚያም በኋላ መውደቋ አልቀረም፣ ክርኗም አንዳንዴ ይከዳት ነበር፤ ግን ሆሴዕ ቀስ በቀስ እጁን አነሳላት።

በበዓሉ ቀን ገነቴ ለአክስትየው ያመጣችውን ቆጮ በጀርባዋ እንዳዘለች፣ ላብ በላብ ሆና ከመናኸሪያ በቀጥታ መጣች። አጠገቤ ቆመች። «አሳርፊ እንጂ» ብላት «ልጄን ልይ መጀመሪያ» አለችኝ።

የአቢጋኤል ተራ ደረሰ። ሆሴዕ ርቆ ቆሟል። ልጅቷ ወደ ኋላ ስትሄድ ገነቴ በከምባትኛ ጮኸች፣ ክንዴንም ጨመደደችው። አቢጋኤል ተገልብጣ ቆመች፤ ሳታርፍ ደገመች፤ ሠለሰች። ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። ገነቴ ግን አላጨበጨበችም። ክንዴንም አልለቀቀችም።

«የእኛ ማረፊያ…» አለች። «እንደዚያ ነው የተቀመጠችው።»

አቢጋኤል እያለከለከች መጣች። የእናቷን ፊት ለማንበብ ሞከረች፤ እኔም ሞከርኩ፤ ምንም አይነበብም። ቀጥዪም፣ በቃሽም አላለችም። ልጅቷ ፍርዱን አልጠበቀችም። ከእናቷ ኋላ ዞራ በርከክ አለችና ሁለት እጆቿን ከሸክሙ ሥር አስገባች። ሜዳው ደልዳላ ነው፤ ከፍ ያለ አፈር የሚባል ነገር የለም።

«እማ፣ ተቀመጪ» አለቻት። «አለሁ።»

እኔ እንባዬ መጣ፣ አልደብቅም። ገነቴ ዞራ ሳታይ ወደ ኋላ ተቀመጠች።