የአማቴ ጠላ የኮመጠጠበት ግንቦት

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ውስጥ አንዲት ልጅ ለጠላ የሚሆን ትልቅ የፕላስቲክ በርሜል ስትገዛ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሻጩ በርሜሉን በመዳፉ እየመታ፣ በረኪና ጠብ አድርገሽ ካለቀለቅሽው አበቃ፣ ሌላ ጣጣ የለውም ይላታል። እኔ በማያገባኝ ገብቼ “ወይራስ?” አልኳት። ሳቀችብኝ። ዘመኑ የእሷ ነው፣ ልሳቅ ብላ ብትስቅ አልፈርድባትም። ግን የጋን እጥበት ትዳሬን ሊያፈርስ ምንም ያልቀረው ጊዜ ስለነበረ አብሬያት መሳቅ አልቻልኩም።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ተድሬ በመጣሁ በዓመቱ ነው። ባለቤቴ ታደሰ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። የምንኖረው ከእናቱ ከእትዬ ዘነበች ጋር በአንድ ግቢ ነው። እትዬ ዘነበች በጠላቸው የተመሰገኑ፣ በጠርጣራነታቸው ደግሞ የሚፈሩ ሴት ነበሩ። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚለው ተረት ከአፋቸው አይጠፋም። ውሃ ቀጂው ይሰርቀኛል፣ ወፍጮ ቤቱ ዱቄቴን ይለውጥብኛል ይላሉ። ልጃቸውንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ያምኑት እንደሆነ እንጃ።

ጋናቸውን ሰው አያስነኩም። እንደ ደንቡ ጋን በውሃ ይዘፈዘፋል፣ በግራዋ ቅጠል ይፈተጋል፣ ውሃው እስኪጠራ ይታጠባል። ከዚያ የወይራ እንጨት ተጫጭሶ ጋኑ ጭሱ ላይ ይደፋና ገላው እስኪሞቅ ይታጠናል። በመጨረሻ ባለሙያዋ አንገቷን ወደ ውስጥ ሰድዳ ታሸታለች። ትንሽ እንኳ የኮመጠጠ ነገር ከሸተታት ሥራው እንደገና ከግራዋው ይጀምራል። በድሬዳዋ ሙቀት ይህን ያቃለለች ሴት ጠላዋን ለአህያ ነው የምታጠጣው።

በዚያ ዓመት ግን የእትዬ ዘነበች ጠላ ኮመጠጠ። ደግመው ጠመቁ፣ ያም ኮመጠጠ። እንግዳ ሁሉ አንድ አንዴ ፉት እያለ ጣሳውን ቀስ ብሎ ያስቀምጥ ጀመር። እሳቸውም ዓይናቸውን አዙረው አዙረው እኔ ላይ አሳረፉ። በወር አበባዬ ጊዜ ጋኑ አጠገብ ማለፌን፣ እጄ የማይበጅ መሆኑን፣ ከሐረር ይዤው የመጣሁት ነገር ሊኖር እንደሚችል ለጎረቤት ያወሩ ነበር። የግንቦት የማርያም ማኅበር ተራ የእሳቸው ነበርና አንድ ቀን እኔ እየሰማሁ ለታደሰ ቁርጡን ነገሩት፤ የማኅበሩ ጠላ ከተበላሸ እኔ ወደ እናቴ ቤት እመለሳለሁ። ታደሰ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። እስከ ዛሬ ያ ዝምታው ያናድደኛል።

እኔም በተራዬ ጠረጠርኳቸው። ሊያባርሩኝ ሆን ብለው ነው ጠላውን የሚያበላሹት አልኩ በልቤ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው እኔን፣ እኔ እሳቸውን ስንጠባበቅ ምሳ እንኳ በወጉ አንበላም ነበር።

ማኅበሩ ሲቃረብ አዴ ፋጡማ ወይራ ይዘው መጡ። ከመጋላ ሰፈር በአህያ እንጨት እያመጡ የሚሸጡ፣ ኦሮምኛና አማርኛ የሚቀላቅሉ ጎምቱ ሴት ናቸው። እትዬ ዘነበች እንጨቱን አገላብጠው፣ ይህ ወይራ አይደለም፣ ጠላዬን ያበላሸው ያንቺ እንጨት ነው አሏቸው። አዴ ፋጡማ አልተቆጡም። ከእስሩ አንድ ፍልጥ መዝዘው አፍንጫቸው ሥር አስጠጉላቸው።

“እኔ ጠላ አልቀምስም፣ ሐራም ነው። ወይራ ግን አውቃለሁ። አሽትቺው አቦ፣ ከዚያ ተናገሪ።”

እትዬ ዘነበች በአፍንጫቸው ሳቡት። “ምን ይሸታል ይሄ? ውሃ ነው” አሉ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ የወይራው ጠረን እስከ ጉሮሮዬ ገብቶ ነበር። ደነገጥኩ። በዚያው ቀን ጋኑን አጥበው፣ አጥነው፣ አንገታቸውን አስገብተው “ጸድቷል” ሲሉ በአጠገባቸው ሳልፍ ከጭሱ ሥር ኮምጣጤው ሸተተኝ። ተንኮል አልነበረም። ሴትዮዋ አፍንጫቸው አይሠራም፤ እሳቸውም አላወቁም።

ለማን ልንገር? ለታደሰ ብነግረው እናቴን ስም ሰጠሽብኝ ይለኛል። ለራሳቸው ብነግራቸው አያምኑኝም። በማግስቱ ቅዳሴ ሲሄዱ ጠብቄ ጋኑን ወደ ጥላ አንከባለልኩትና ግራዋ ይዤ እስከ ብብቴ ገባሁ። ከቂጡ የተጋገረ የቆየ አተላ በጥፍሬ እየፋቅኩ ሳለ ጥላቸው ፊቴ ላይ ወደቀ። ተጠራጥረው ኖሯል፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ተመልሰዋል።

“ከጋኔ ውስጥ ምን ከተትሽ?”

“ምንም አልከተትኩም፣ እማማ። እያጠብኩት ነው።”

“እኔ ትናንት ያጠብኩትን?”

የፋቅኩትን ጥቁር ዝቃጭ በመዳፌ ይዤ ወደ ፊታቸው አቀረብኩ። የክርፋቱ ነገር አይነሳ፤ እኔን እንባ እንባ አለኝ። እሳቸው ጎንበስ ብለው አሸተቱ። እንደገና አሸተቱ። ከዚያ ዝቃጩን ትተው ፊቴን ያዩ ጀመር።

“ይሄ ይሸታል?” አሉ ቀስ ብለው።

“በጣም፣ እማማ።”

ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አሳዘኑኝ፤ ያን ያህል አስጨንቀውኝም አሳዘኑኝ። በመጨረሻ “ለታደሰ እንዳትነግሪው” አሉኝና ግራዋውን ከእጄ ሳይቀሙኝ ወደ ቤት ገቡ።

የማኅበሩ ጠላ ጥሩ ወጣ። ሴቶቹ ሲያመሰግኑ እትዬ ዘነበች ምስጋናውን ብቻቸውን ተቀበሉ፣ እኔም ጓዳ ሆኜ ጥርሴን ነከስኩ። ከአዴ ፋጡማ ግን ከዚያ በኋላ ሳይከራከሩ ነበር የሚገዙት። ይቅርታ የሚባለው ቃል ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ማንም ሰምቶ አያውቅም።

እስኪሞቱ ድረስ በጠመቁ ቁጥር “የሺ፣ ነይ አሽትቺልኝ” ይሉኝ ነበር። አንገቴን ወደ ጋኑ ስሰድድ እሳቸው ከአጠገቤ ቆመው ፊቴን ይመረምራሉ፣ እዋሻቸው እንደሆነ። ያኔ ያበሳጨኝ ነበር፤ ይህን ሁሉ ዓመት አብሬ ኖሬ አሁንም አያምኑኝም እል ነበር። ዛሬ ዕድሜዬ ከእሳቸው ሲስተካከል ግን ነገሩን በሌላ ዓይን አየዋለሁ። የሚያምነውን ሰው መጥራት ማንም ይችላል። እሳቸው ሳያምኑኝ ጠሩኝ፣ ጸድቷል ባልኳቸውም ጊዜ ሁሉ ጥንስሳቸውን ጋኑ ውስጥ ገለበጡት።