ሴዲል የሚባለው የሳቭሪ ስም

በሳቭሪ መንደር በሙታን ቀን ቄሱ የሟቾችን ስም እየጠሩ ሲጸልዩ፣ በዚያው ስም የሚጠራ ሰው በሕይወት ካለ ከተቀመጠበት ይነሳል። ጊዮም ሲባል ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ብድግ ይላል፤ ልጆቹም ይስቃሉ። ሴዲል ሲባል ግን ስንት ዓመት ሙሉ ማንም አልተነሳም። የስሙ ባለቤት የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ፕሮቫን ከተማ ተቀምጣ ነበር። እዚያ ደግሞ ኢዛቦ ነበር የምትባለው።

ስሙ ሳቭሪ እንዴት እንደ ገባ አሮጊቶቹ ሲያወሩ አይስማሙም። የመጀመሪያዋ ሴዲል ከሩቅ አገር ተሳላሚዎች ጋር ስታልፍ ታማ የቀረች ናት ይላሉ። «ምን ተሳላሚ ናት፣ ከባሏ የጠፋች ናት እንጂ» የሚሉም አሉ። ብቻ በዚያ ክረምት የባለ ወፍጮው ሚስት የጠቆረች፣ ትንፋሿ የማይሰማ ሴት ልጅ ወለደች። ለምትሞት ልጅ ክርስትና እናት መሆን ገደ ቢስነት ነው ተብሎ ሁሉም ሸሸ። መንገደኛዋ ናት «እኔ ላንሳት፤ እኔ ምን የሚቀርብኝ አለ?» ያለችው። ክርስትና እናት ለሴት ልጅ የምትሰጠው የራሷን ስም ነውና፣ ልጅቱ ሴዲል ተባለች። ሞትን አሳፍራም ጥርሷ እስኪያልቅ ኖረች። እሷ በተራዋ የአንድ ዝይ ጠባቂ ልጅ አነሳች። ዝይ ጠባቂዋ ሴዲል ደግሞ የበርሜል ሠሪውን ልጅ አነሳች። የምናወራላት ይህችኛዋ ናት።

ክርስትና እናቷ በየፋሲካው አንድ የዝይ እንቁላል በጉያዋ ይዛ ትመጣለች። በነፃ ግን አትሰጥም። «በይ መጀመሪያ ቁጠሪልኝ!» ትላለች። ልጅቱም «እኔን ያነሳሽ አንቺ፣ አንቺን ያነሳች የወፍጮ ቤቷ፣ የወፍጮ ቤቷን ያነሳች መንገደኛዋ» ብላ በአንድ ትንፋሽ ትቆጥራለች። እንቁላሉ ሁልጊዜ ሙቅ ነበር።

በአሥራ አራት ዓመቷ ፕሮቫን፣ ጨርቅ ነጋዴ ቤት ለግርድና ገባች። የነጋዴው ሚስት እመቤት ፔረኔል ስሟን ሲሰሙ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

«ሴዲል? እርሻችን ላይ ያለችው ላም ሴዲል አይደለች እንዴ! ወተትሽ ስንት ነው?»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ኋላ ላይ ከሁሉ የከነከናት ያ አብሮ መሳቋ ነው።

«በይ ከዛሬ ጀምሮ ኢዛቦ ነሽ። ለሰው ጆሮም ይሻላል።»

ኢዛቦ ሆና ኖረች፤ ኢዛቦ ሆና ጎቲዬ የሚባል፣ የሱፍ ጨርቅ በውሃ እየረገጠ የሚያጠብቅ ሰው አገባች። የራሷን ደጅ ከፍታ የከተማ ሴት መባል ስትጀምር፣ በአንድ የገበያ ቀን ከጎረቤቶቿና ከእመቤት ፔረኔል ጋር ደጃፍ ላይ ቆማ ሳለ፣ አንዲት ጭቃ የነካት አሮጊት አይብ በጨርቅ ቋጥራ መጣች።

«የእኔ ሴዲል ቤት እዚህ ነው አሉኝ» አለች፣ ዓይኗ እያበራ።

እመቤት ፔረኔል ቅንድባቸውን ሰቀሉ። ሴዲልም «እዚህ ሴዲል የምትባል የለችም» አለች።

አሮጊቷ አየቻት። አፏን ልትከፍት ብላ ተወችው። «ይቅርታ እመቤቴ፣ ደጁ ተሳስቶብኛል» አለችና አጎንብሳ ሄደች። አይቡን ግን መድረኩ ላይ አስቀምጣው ነበር። ጎቲዬ ማታ «ይህን የመሰለ አይብ ማን ነው ጥሎልን የሄደ?» እያለ ጨረሰው። እሷ አንዷን ቁራጭ እንኳ መዋጥ አቃታት። ነገ ሄጄ ክርስትና እናቴ እግር ላይ እወድቃለሁ አለች። ነገ ከነገ ወዲያን ወለደ። ዝይ ጠባቂዋ በዐቢይ ጾም እንደሞተች ከአንድ አይብ ሻጭ ሰማች።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤቷ ማርሶት ለልጄ ክርስትና እናት ሁኚልኝ አለቻት። ሕፃኗን ታቅፋ ከጥምቀቱ ውሃ አጠገብ ስትቆም ቄሱ «ማን ትባል?» አሉ። እውነተኛው ስም ምላሷ ላይ ነበር። እመቤት ፔረኔል ግን ከጎኗ ቆመው ፈገግ ብለዋል።

«ኢዛቦ» አለች።

ልጅቱ ሰባት ዓመት ሲሆናት፣ «ክርስትና እናቴ፣ ስማችንን ማን ሰጠሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ሌሎቹ ልጆች የየራሳቸውን የስም ሐረግ ይቆጥራሉ። ሴዲል መዋሸት አቃታት። የላሟን ነገር፣ የደጁን ነገር፣ የአይቡን ነገር ሁሉ ነገረቻት። ልጅቱ ታጽናናኛለች ብላ ነበር።

«እንግዲያው የእኔ ስም የማንም አይደለም ማለት ነው?» ብላ ልጅቱ አለቀሰች።

በዚያው ዓመት የሙታን ቀን ሲደርስ ልጅቱን እጇን ይዛ ወደ ሳቭሪ ወረደች። የኋላው አግዳሚ ላይ ፊቷን ሸፍና ተቀመጠች። ቄሱ ስሙ ላይ ደረሱ።

«ሴዲል መንገደኛዋ።»

ማንም አልተነሳም።

«ሴዲል የወፍጮ ቤቷ።»

ልጅቱ በክርኗ ጎሰመቻት። «ተነሺ እንጂ! እየጠሩሽ ነው።»

«ሴዲል ዝይ ጠባቂዋ።»

ተነሳች። ቄሱ ንባባቸውን ገታ አደረጉ፤ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ፊቷ በእሳት የተለበለበ መሰላት፤ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት በወደደች። ከጎኗ አንዲት አሮጊት፣ «እግሮችሽ ደህና ናቸው ለካ! እሷ እኮ ዓይኗ እስኪጠፋ መንገድ መንገዱን ስታይ ነው የሞተችው» አለቻት። ቄሱ ወደሚቀጥለው ስም ከተሻገሩ በኋላም ቆማ ቀረች፤ ተቀመጪ የሚላት ሰው አልነበረም።

ሲመለሱ ልጅቱ ከፊት ከፊት እየዘለለች በዜማ ትቆጥር ጀመር፤ «እኔን ያነሳሽ አንቺ፣ አንቺን ያነሳች ዝይ ጠባቂዋ፣ ዝይ ጠባቂዋን ያነሳች የወፍጮ ቤቷ…»

ሴዲል ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ከኋላ ተከተለቻት። አልከለከለቻትም፤ «ጎበዝ» ለማለትም አፏ አልደፈረም።